የዋስትናው ስልክ

በ2074 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ስልክ ሲጮህ ማንም «ሄሎ» አይልም። ስልኩ ይነሳል፣ ከዚያ ዝም ይባላል። ደዋዩም ዝም ይላል። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ይደማመጣሉ፤ ቀድሞ አፉን የከፈተው ይጠረጠራል። እንዴት አደራችሁ፣ ጤናስ፣ ልጆችስ፣ ሥራስ የሚለው ረጅም ሰላምታ ከስልክ ላይ ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሰላምታ ድምፅ ያስወስዳል፤ ድምፁ የተወሰደበት ሰው ደግሞ በማግስቱ ወንድሙን ሲለምን፣ እናቱን ሲያስለቅስ፣ ጓደኛውን ሲያስፈራራ ይውላል፤ እሱ ግን ከቤቱ አልወጣም።

በምትኩ የአካል ሰላምታ ረዘመ። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ወሬያቸው እስኪያልቅም አይለቃቀቁም። ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ሁለት ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለ ኳስ ሲጨቃጨቁ ማየት የተለመደ ነው። ከሌላ ዘመን የመጣ ሰው ቢያያቸው ፍቅር የጸናባቸው ይመስለዋል። ፍቅር አይደለም፤ ማጣራት ነው። እጅን አስመስሎ የሠራ እስካሁን የለም።

ወይዘሮ ፌቨን በሰፈሩ የታወቁት በዚሁ ጉዳይ ነው። ስድሳዎቹን አጋምሰዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መዋዕለ ሕፃናት ያስተምሩ ነበር፤ አሁን በእድሩ አዳራሽ አዲስ አባላትን የስልክ ደንብ ያስተምራሉ። እድሩ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ትልልቅ ድስቶቹን እንደያዘ ነው፤ ዋና ሥራው ግን ስልክ ሆኗል። ደንቡ አጭር ነው፦ በስልክ የተነገረ ማንኛውም ነገር በአካል ሳይጣራ አይደረግም። እየዞሩ የሚያጣሩት አቶ ኪሩቤል ናቸው። አንድ አባል «እህቴ ደውላ ታምሜያለሁ አለችኝ» ሲል አቶ ኪሩቤል ባርኔጣቸውን ደፍተው እህቲቱ ቤት ድረስ ይሄዳሉ፣ እጇን ይጨብጣሉ፣ ተመልሰው «ደህና ናት፣ ልብስ እያጠበች ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ መልሳቸው ይኸው ነው።

ድሮ ቤተሰቦች የሚስጥር ጥያቄ ነበራቸው። የመጀመሪያው ውሻችን ስም ማን ነበር፣ አያትህ የሚወዱት ወጥ ምን ነበር፣ እንዲህ ዓይነቱ። ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ነበር። በኋላ ደዋዩ መልሱን ማወቅ ብቻ ሳይሆን ውሻውን እያስታወሰ ማልቀስ ጀመረ፤ ሰዎቹም ጥያቄውን ተዉት።

ከሁሉም የሚፈራው የዋስትናው ስልክ ነው። መኪና ያለ ዋስትና አይሄድም። ዋስትናው ያበቃበት መኪና ባለበት ይቆማል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ባለቤቱ በገዛ ድምፁ «ተስማምቻለሁ» እስኪል ይጠብቃል። ይህን ቃል ያለው ለዋስትና ድርጅቱ ከሆነ መኪናው ተነስቶ ይሄዳል። ድምፅ ለሚወስዱት ሌቦች ከሆነም ተነስቶ ይሄዳል፤ የሚሄደው ግን ወደ እነሱ ነው፣ ውስጡ ሰው ቢኖርም ባይኖርም። የወይዘሮ ፌቨን ጎረቤት አቶ ማክቤል ቁርስ ላይ ተቀምጠው ሳለ መኪናቸው ከግቢ ወጥታ፣ ፍሬቻ አሳይታ፣ ወደ ሞጆ መንገድ ስትታጠፍ በመስኮት አይተዋታል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግባቸው ፍሬቻ ማሳየቷ ነው።

ችግሩ ድርጅቱም እንደ ሌቦቹ መናገሩ ነው። እሱም ያስቸኩላል፣ እሱም ያስፈራራል። ደንበኞች እየዘጉ ሲያስቸግሩት ደግሞ ደንበኛው በሚያምነው ሰው ድምፅ መናገር ጀመረ፤ ይህም ተፈቅዶለታል። ስለዚህ ዋስትናውን የሚያድስ ሰው ድርጅቱ ቢሮ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ በመስኮት በኩል የጸሐፊዋን እጅ ጨብጦ ያድሳል። ሰልፉ ቀናት ይወስዳል። ጊዜ ያጣ ሰው ነገ እሄዳለሁ ይላል።

ወይዘሮ ፌቨን ትምህርቱን ሲሰጡ የድሮ ሥራቸው ልማድ ሆኖባቸው ጢማም ሰዎችን «ልጆች» ይሏቸዋል።

«ይኸውላችሁ ልጆች፣ መጀመሪያ ያጣድፋችኋል። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ዛሬ ካልሆነ አለቀ ይላል። ለማንም አትናገሩ ይላል፣ እንዳትዘጉ ይላል። የመኪናችሁን ቀለምና ታርጋ ይነግራችኋል። ማወቁ አያስደንግጣችሁ፣ የማያውቅ የለም። በመጨረሻ በምትወዱት ሰው ድምፅ ይመጣል። ያኔ ምን እናደርጋለን?»

«እንዘጋለን!» ይላል አዳራሹ።

«ደህና ሁን ሳንል?»

«ደህና ሁን ሳንል!»

«ጎበዞች» ይላሉ፤ እውነትም ደስ ይላቸዋል።

ከዋስትና ስልኮች እሳቸው ራሳቸው ወዲያው ያልዘጉት አንድ ብቻ ነው። የሞቱት ባለቤታቸው ድምፅ ስለ ዋስትና ሊያነጋግራቸው ደውሎ ነበር። ቃል ሳይመልሱ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ዝም ሲል ስልኩን ዘጉና ፊታቸውን ታጠቡ። ይህ በአዳራሹ አይነገርም።

ልጃቸው ወለላ የእንስሳት ሐኪም ናት። የዕድሜ እኩዮቿ ሁሉ ወለላ፣ ማንጠግቦሽ፣ በላይነህ ይባላሉ፤ ፌቨንና ማክቤል የሚባሉት ወላጆቻቸው ናቸው። ወለላ ግመል ትከትባለች። ሰኞ ሰኞ ከአዳማ ተነስታ፣ አዋሽን አልፋ፣ ወደ ገዋኔ ትወርዳለች፤ ረቡዕ ትመለሳለች። ሕፃን ሳለች መጀመሪያ የተናገረችው ቃል «እማ» ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው «ዝጊው» ነው። ስልክ ሲጮህ እናቷ ጭን ላይ ወጥታ በትንሽ ጣቷ ትዘጋዋለች፣ እናቷም ግንባሯን ስመው «ጎበዝ» ይሏታል። አፏን የፈታችው በዚያ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ፌቨን ጓሮ ጎመን እየኮተኮቱ ነበር። ስልኩ ጮኸ። አንስተው ዝም አሉ።

«እማዬ፣ መኪናው ዋስትናው—» አለ የወለላ ድምፅ።

ዘጉት። በየቀኑ የሚመጣ ነገር ነው፤ የወለላ ድምፅ ከራሷ ከወለላ ይበልጥ ይደውልላቸው ነበር። አፈሩን ከእጃቸው ሳያራግፉ ሌላ ስልክ መጣ። «እማዬ፣ በናትሽ እንዳትዘጊው» አለ ያው ድምፅ። «እንዳትዘጊው» የሚለውን ሲሰሙ ፈገግ አሉ፤ እሳቸው ራሳቸው የሚያስተምሩት ምልክት ነው። ዘጉት። ቆይቶ እንደገና ጮኸ። አሁን ድምፁ እያለከለከ ነበር፤ መኪናው ቆሟል፣ በሩ አልከፈት አለኝ፣ ሙቀቱ፣ እያለ። ወይዘሮ ፌቨን ይህንንም ዘጉት፤ ማለክለክ ደግሞ ተማሩ ብለው ለሐሙስ ትምህርታቸው በልባቸው ያዙት። ከዚያ ተመልሰው ጎመናቸውን ኮተኮቱ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ ጮኸ። አንስተው ዝም አሉ። በዚያኛው በኩልም ዝም ተባለ፤ ዝምታው ረዘመ።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ደክሞታል፣ ግን ረጋ ያለ ነው። «ደህና ነኝ። ዛሬ ትንሽ ሳልዘገይ አልቀርም፣ እንዳታስቢ። ምሳሽን ብዪ፣ እኔን አትጠብቂ። መድኃኒትሽን ደግሞ እንዳትረሺ።»

ቀድሞ የዘጋው ደዋዩ ነበር።

ወይዘሮ ፌቨን ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። ደዋዩ ምንም አልጠየቃቸውም። «ተስማሚ» አላላቸውም፣ «ፍጠኚ» አላላቸውም፤ ስለ መኪናም አላነሳም። በደንቡ መሠረት ምንም የማይጠይቅ ስልክ ጉዳት የለውም፤ ችላ ተብሎ ወደ ሥራ ይኬዳል። እሳቸው ግን የጓሮው ግንብ ላይ ተቀመጡ።

ወለላ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ክንዷ ተሰብሮ በጄሶ ታስሮ በየቀኑ ትደውል ነበር፤ «ደህና ነኝ፣ ምሳ በላሽ?» ትላለች። ጄሶው የታወቀው ለበዓል ቤት ስትመጣ ነው። አባቷ ያረፉ ቀን ደግሞ እሳቸው ለእሷ ደውለው «አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ብቅ በይ» ነው ያሏት፤ መርዶውን የሰማችው ቤት ገብታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በአካል ነው። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ነው። ጉዳቱ ትንሽ ሲሆን ይጮሃል፣ ትልቅ ሲሆን ይደብቃል፣ በተለይ ከእናቱ። ሌቦቹ ለቅሶውንም ልመናውንም ተምረዋል። መደበቁን ግን አልተማሩም፤ ለሌባ መደበቅ ምን ይጠቅመዋል?

አቶ ኪሩቤልን እድሩ ግቢ ውስጥ የድንኳን ገመድ ሲጠቀልሉ አገኟቸውና እጃቸውን ያዙ።

«ወለላ ደወለች» አሉ።

«ምን ፈለገች?»

«ምንም።»

«ምን አለች ታዲያ?»

«ደህና ነኝ አለችኝ።»

አቶ ኪሩቤል እጃቸውን ሳይለቁ ትንሽ አዩአቸው። እሳቸውም ልጆች አሏቸው። «ቁልፉን ላምጣ» አሉ።

እድሩ አንድ አሮጌ ሚኒባስ አለው፤ በናፍጣ የሚሄድ፣ በእጅ የሚነዳ፣ ለቀብር ብቻ የሚወጣ። ዋስትና የለውም። ስለ እሱ ማንም ደውሎ አያውቅም። አቶ ኪሩቤል ውሃ በጄሪካን ጫኑ፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወጡ።

መንገዱ ላይ መኪኖቹ በጸጥታ ያልፏቸው ነበር፤ አብዛኞቹ ውስጥ ተሳፋሪው ተኝቷል። ከመተሐራ ወዲያ ግን የቆሙ መኪኖች መታየት ጀመሩ። አንዳንዶቹ አቧራ ለብሰው ከርመዋል፣ አንዳንዶቹ ገና ንጹሕ ናቸው። ለቆመ መኪና ማንም አይቆምም። መንገድ ዳር ቆሞ እርዳታ የሚጠይቅ መኪና ወጥመድ እንደሆነ ሁሉም ተምሯል፤ ወይዘሮ ፌቨንም አስተምረዋል፣ ከዋናው ደንብ ቀጥሎ።

«ጠዋት ሦስት ጊዜ ዘግቼባታለሁ» አሉ ድንገት።

«እሷ መሆኗን በምን አወቁ? በየቀኑ የሚደውለው ያ ሌባ ሊሆን ይችላል እኮ።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያስ?»

«አላውቅማ! አላውቅም፣ ኪሩቤል። እሱ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለኝ።»

አቶ ኪሩቤል ነዳጁን ረገጡት። ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ በመስኮት እንደ ምድጃ ወላፈን ይገባ ጀመር። ወይዘሮ ፌቨን ወደ ቀኝ፣ አቶ ኪሩቤል ወደ ግራ እያዩ የቆመ መኪና ባገኙ ቁጥር ቀስ ይሉ ነበር። ባዶ። ባዶ። በአንዱ ውስጥ የሰው ጫማ ብቻ። ወይዘሮ ፌቨን ጸሎት ጀመሩ፤ ጸሎቱን መሀል ላይ ረስተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት።

አመድማው የወለላ መኪና ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ጥቁር ድንጋይ በበዛበት ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። ሚኒባሱ ሳይቆም ወይዘሮ ፌቨን ወረዱ። ሮጡ፤ ከሮጡ ዓመታት ሆኗቸዋል።

መስኮቶቹ እንደተዘጉ ናቸው። ወለላ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ጥላ ባለበት ተኮራምታለች። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ሁለት እጆቿን ጆሮዎቿ ላይ ጭናለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህንን አዩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። መስታወቱን በመዳፋቸው መደብደብ ጀመሩ።

«ወለላ! ወለላዬ! እናትሽ ነኝ! ቀና በይ ልጄ!»

ወለላ ራሷን በዝግታ ነቀነቀች፦ አይሆንም። ዓይኗን አልገለጠችም። ይበልጥ ተኮራመተች።

«እኔ ነኝ! እናትሽ ነኝ እኮ!»

ያኔ ነው የሰሙት። ከመኪናው ውስጥ፣ በመስታወቱ በኩል ታፍኖ፣ ሌላ ድምፅ ይመጣ ነበር። የራሳቸው ድምፅ ነው። ሳል የሚቀድመው፣ ቃል ጫፍ ላይ የሚንቀጠቀጥ፣ ልክ የእሳቸው። «ወለላዬ፣ እናትሽ ነኝ» ይላል። «ውሃ ጠምቶሻል አይደል ልጄ? ተስማምቻለሁ በይ። አንዲት ቃል ናት። ለእኔ ስትዪ። ቀና በይ ልጄ።»

ድርጅቱ ይሁን ሌቦቹ፣ የሚለይበት መንገድ አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ ሲለምናት እንደዋለ ግን ግልጽ ነው። ወለላም ከጠዋት ጀምሮ የተማረችውን እያደረገች ነበር። መዝጋት ስላልቻለች ጆሮዋን ዘጋች። በምትወዱት ሰው ድምፅ ይመጣል፣ ብለው ነበር እናቷ።

ወይዘሮ ፌቨን አፋቸውን ያዙ። ሊሉ የሚችሉት ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ በእሳቸው አንደበት እየተባለ ነው። ልጃቸውን በስሟ ቢጠሯት ያስጨንቋታል፤ እያለቀሱ ቢለምኗት ይብስ ያስፈሯታል። አቶ ኪሩቤል መጥተው «ወለላ!» ሊሉ ሲሉ ወይዘሮ ፌቨን ክንዳቸውን ይዘው ጣታቸውን የራሳቸው ከንፈር ላይ አደረጉ።

አንድ ጥቁር ድንጋይ አነሱ። ፀሐይ ስላረፈበት መዳፋቸውን ለበለበው። አቶ ኪሩቤል «እኔ ልምታው» በሚል እጃቸውን ዘረጉ፤ ወይዘሮ ፌቨን ራሳቸውን ነቀነቁባቸው። ከወለላ ራስ ራቅ ወዳለው መስኮት ዞሩና መቱት። አልተሰበረም። እንደገና መቱ። መስታወቱ ነጭ ሆኖ ተሰነጣጠቀ። «ወለላዬ፣ ንብረት እየተጎዳ ነው» አለ ድምፃቸው ከውስጥ፣ ሳይቆጣ፣ በፍቅር። «ይኼን ዋስትናው አይሸፍነውም ልጄ።» ደግመው መቱት፤ ወደ ውስጥ ረገፈ።

የታፈነው ሙቀት ፊታቸው ላይ ወጣ። እጃቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ አስገቡ፤ የመስታወቱ ጠርዝ ክንዳቸውን ሲቆርጠው አልተሰማቸውም። ጣታቸው የወለላን ጣቶች ነካ። ደረቅ ናቸው፣ እንደ እሳት ይፈጃሉ። ከጆሮዋ ላይ አንዱን እጇን አላቅቀው ያዙት።

ወለላ ዓይኗን አልገለጠችም። መጀመሪያ እጇ ዝም አለ። ከዚያ ጣቶቿ የእናቷን እጅ መዳሰስ ጀመሩ፤ አውራ ጣቱን፣ የጋብቻ ቀለበቱን፣ ጥፍሩ ውስጥ የቀረውን የጎመን አፈር። እያንዳንዱን ጉብታ እየፈለገች በዝግታ ዳሰሰችው። ሲያበቃ ጥርቅም አድርጋ ጨበጠችው፣ ወደ ጉንጯም ወሰደችው።

አቶ ኪሩቤል ከሚኒባሱ ብረት አምጥተው በሩን ፈልቅቀው ከፈቱት፣ አቅፈው አወጧት፣ በሚኒባሱ ጥላ ውስጥ አስቀመጧት። ውሃ በክዳን እየቀዱ ቀስ በቀስ አጠጧት። ወይዘሮ ፌቨን አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ እጇን አልለቀቁም።

ወለላ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው።

«ሦስቱንም ጊዜ ዘጋሽው» አለች። ቅሬታ አልነበረበትም። ከንፈሯ ደርቆ ስለተሰነጠቀ ቃሉ በግድ ነው የወጣው። «ጎበዝ።»

ወይዘሮ ፌቨን ሊመልሱላት አፋቸውን ከፈቱ። ከተሰበረው መስኮት ውስጥ ያ ድምፅ ገና «ወለላዬ፣ ልጄ» እያለ ይለምን ነበር። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። አቶ ኪሩቤል ሞተሩን አስነሱ። እናትየው እስከ አዋሽ ሐኪም ቤት ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ የልጃቸውን እጅ ግን እንደያዙ ነበር።